ዳቪንቺ ሪዞልቭ፦ ነጻው እትም የፊልም ጀማሪን እስከ የት ያደርሳል?

ፊልም አሠራር ለመማር የቆረጠ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ብቻ የሚጭን ከሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭን ይጫን። ነጻው እትም ተሠርቶ በሚወጣው ቪዲዮ ላይ አርማ አያትምም፣ የጊዜ ገደብ የለውም፣ እስከ 3840 በ2160 ጥራትና በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ድረስ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ለጀማሪ የሚጠቅመው ግን አደራደሩ ነው። ከታች የተሰለፉት ገጾች ፊልም የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ይዘው ይሄዳሉ፦ ጥሬውን ምስል ማስገባት፣ መቁረጥና መቀጠል፣ ኢፌክት፣ ቀለም፣ ድምጽ፣ በመጨረሻም ማውጣት። በየገጹ የሚሠራውን የተረዳ ሰው የፊልም ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል አብሮ ይረዳል።

መነሻው የቀለም ማረሚያ ነው። ዳ ቪንቺ ሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለትልልቅ ስቱዲዮዎች በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጠው የነበረውን ሥርዓት የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2009 ገዛውና ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም አደረገው። ፌርላይት የተባለው የድምጽ ክፍል በ2017፣ ፊውዥን የተባለው የኢፌክት ክፍል በ2018 ገቡበት። የቀለም ገጹ ከሌሎቹ ሁሉ የበሰለ የሆነው በዚህ ታሪኩ ምክንያት ነው።

ከመጫን በፊት ኮምፒውተሩን መመርመር ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሪዞልቭ ሥራውን በአብዛኛው የሚጥለው ከፕሮሰሰሩ ይልቅ በግራፊክስ ካርዱ (ጂፒዩ) ላይ ነው። 16 ጊጋባይት ራም እና የራሱ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው የግራፊክስ ካርድ ካለ 1080 ቪዲዮ ያለ ችግር ይሠራል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ ይቆርጣል፤ የፊውዥን ገጽ ሲከፈት ግን ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴም «የጂፒዩ ሜሞሪ ሞልቷል» የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ኤም የተባሉት የአፕል ቺፖች ያሏቸው ማኮች ላይ 8 ጊጋባይትም ቢሆን ለ1080 ያስኬዳል። የሚወርደው ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዶ ማውረድ ይሻላል። ሲጫን ጊዜያዊ ፋይሎቹን ሲ ድራይቭ ላይ ያስቀምጣል፤ ዲስኩ በጥቂት ሳምንት ይሞላል። ስለዚህ በፕሪፈረንስ ውስጥ «ሚዲያ ስቶሬጅ» በሚለው ስር ሰፊ ቦታ ያለውን ሌላ ድራይቭ በዝርዝሩ አናት ላይ ያድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ጀማሪዎች «ሪዞልቭ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል»፣ «ድምጹና የአፉ እንቅስቃሴ አይገናኝም» ብለው የሚያማርሩት ነገር መነሻው ቀረጻው ነው። ስልኮች በሰከንድ 30 ፍሬም ተብለው ቢቀናበሩም ብርሃን ሲያንስ ራሳቸው ፍጥነቱን ይለዋውጡታል። ሪዞልቭ የማይለዋወጥ ፍጥነት ስለሚጠብቅ አስር ደቂቃ የሚረዝም ቃለ መጠይቅ መጀመሪያው ላይ ገጥሞ መጨረሻው ላይ ድምጹ ከምስሉ ተንሸራቶ ይገኛል። መፍትሔው ሃንድብሬክ ወይም ሻተር ኢንኮደር በሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፋይሉን ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት መቀየር ነው። ሃንድብሬክ ላይ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» የሚለውን መርጦ የጥራቱን ቁጥር 18 አካባቢ ማድረግ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ሻተር ኢንኮደር ላይ ወደ ዲኤንኤክስ መቀየር ይሻላል፤ ይህ ዓይነት ፋይል ሲጫወት ኮምፒውተሩን አያደክመውም፣ ነገር ግን በ1080 ጥራትና በ25 ፍሬም ባለ 120 ሜጋቢቱ በደቂቃ 900 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ያን ያህል ቦታ ከሌለ ሪዞልቭ ውስጥ ክሊፖቹን መርጦ በቀኝ ክሊክ ፕሮክሲ የሚባል ቀለል ያለ ቅጂ ማሠራት ይቻላል። ሥራው በትንሹ ቅጂ ይሠራል፣ ሲወጣ ዋናው ፋይል ይመለሳል።

ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያውኑ በትክክል መቅረጽ ነው። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው የዚሁ ኩባንያ የስልክ መተግበሪያ ነጻ ነው፤ ለአይፎን በ2023፣ ለአንድሮይድ በ2024 ወጥቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ 25 ፍሬም፣ ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 50ኛ ሰከንድ ይሁን። በ30 ፍሬምና በ60ኛ ሰከንድ ሻተር ቤት ውስጥ ሲቀረጽ በግድግዳው ላይ ጥላ የሚመስል መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ አምፖሉ የሚያበራበትና የሚደበዝዝበት ምት ከሻተሩ ጋር አይገጥምም። ይህ መስመር በኤዲቲንግ በቀላሉ አይጠፋም። አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬምና 60ኛ ሰከንድ ይጠቀም። ዋሽንግተን የተቀረጸ ሠርግና አዲስ አበባ የተቀረጸ መልስ በአንድ ፊልም የሚገቡ ከሆነ የትኛው ፍጥነት እንደሚያዝ ቀረጻው ሳይጀመር መስማማት ይገባል።

የፀሐይ ብርሃን ሌላ ፈተና አለው። የአብዛኛው ስልክ ሌንስ ቀዳዳ አይጠብም፣ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ 50ኛ ሰከንድ ሻተር ሁሉንም ያነጣል። በሌንሱ ላይ የሚገጠም ኤንዲ 32 ማጣሪያ ብርሃኑን በአምስት እርከን ይቀንሳል። ማጣሪያ ከሌለ ሻተሩን ማፍጠን ይቻላል፤ ደጅ ላይ የመብራት ምት የለምና መስመር አይመጣም፣ የሩጫና የጭፈራ እንቅስቃሴ ግን የተቆራረጠ ይመስላል። የነጭ ሚዛኑን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ የሚያሳይበትን ማስተካከያ) ሁልጊዜ ይቆልፉት። ካልተቆለፈ በአንድ ሾት ውስጥ ፊት ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ይታያል፣ ያንን ማረም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

ፕሮጀክት ሲከፈት የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ክሊፕ ከመግባቱ በፊት በፕሮጀክት ሴቲንግ የፍሬም ፍጥነቱን መወሰን ነው። ክሊፕ ከገባ በኋላ የፕሮጀክቱ ፍጥነት ይቆለፋል። የመጀመሪያው ክሊፕ ከተወሰነው ፍጥነት ጋር የማይገጥም ከሆነ ፕሮግራሙ «ልቀይረው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ሳያነብ እሺ ይላል፣ ከዚያ ፕሮጀክቱ 29.97 ሆኖ ይቀራል።

ገጾቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማወቅ መሞከር አይጠቅምም። መጀመሪያ ኤዲት ገጹ ላይ ብቻ ይሥሩ። ከት የሚባለው ገጽ ለዜናና ለፈጣን ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ጀማሪን ግራ ያጋባልና ይለፉት። የሚያስፈልጉት ቁልፎች ጥቂት ናቸው። ጄ ወደ ኋላ፣ ኬ ማቆሚያ፣ ኤል ወደ ፊት ማጫወቻ ነው። አይ እና ኦ የሚፈለገውን ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ ምልክት ያደርጋሉ። ኤፍ 9 ክሊፑን በመሀል ያስገባል፣ ኤፍ 10 ደግሞ ያለውን ሸፍኖ በላዩ ያስቀምጣል። ኮንትሮልን ይዞ ቢ ሲነካ ክሊፑ ይቆረጣል። ዊንዶውስ ላይ ባክስፔስ ክሊፑን አጥፍቶ ክፍተት ይተዋል፣ ዲሊት ግን አጥፍቶ የቀረውን ይገጥመዋል። ይህን ልዩነት ያልለየ ሰው ሙዚቃው ከምስሉ ለምን እንደተንሸራተተ አይገባውም።

የሥዕላዊ ትረካ መሠረቱን ለመለማመድ ከቡና ማፍላት የተሻለ ርዕሰ ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ እጅ ይሠራል፣ ፊት ይታያል፣ ጭስና እንፋሎት አለ፣ ድምጹ ራሱ ይናገራል። አንድ ቤት ውስጥ 12 ሾት ቀርጾ ወደ 90 ሰከንድ ማሳጠር ለአንድ ጀማሪ የወር ትምህርት ይሆናል። ሰፊ ሾት፦ ቄጠማው፣ ረከቦቱ፣ እንግዶቹ አንድ ላይ። መካከለኛ፦ ቡና አፍዪዋ ከወገብ በላይ። ቅርብ፦ ቡናው ሲታጠብ፣ በምጣዱ ላይ ሲገላበጥ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት፣ ሲኒ ውስጥ የሚወርደው ቡና። ከዚያ ደግሞ የተቆላው ቡና ሲዞር ጭሱን ወደ አፍንጫው የሚስብ እንግዳ፣ አቦሉን ፉት ያለ ሰው ፊት። እያንዳንዱን ሾት ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሳይነቃነቁ ይያዙት፤ ድርጊቱ ከመጀመሩ 2 ሰከንድ ቀድሞ፣ ካለቀም 2 ሰከንድ አልፎ። ጀማሪ ሾቱን የሚያቆመው ድርጊቱ ሲያልቅ ነው፣ ከዚያ ለመቁረጫ ትርፍ ያጣል።

በቡና አፍዪዋና በእንግዶቹ መካከል መስመር እንዳለ ያስቡ። ካሜራው በአንዱ ወገን ይቆይ። መስመሩን ተሻግሮ የተቀረጸ ሾት ሲገጣጠም እርሷ ወደ ቀኝ ስትመለከት እንግዳውም ወደ ቀኝ ይመለከታል፣ ሲነጋገሩ የነበሩ ሰዎች አንድ ሦስተኛ ነገር የሚያዩ ይመስላሉ። በአንድ ሰው ላይ ሁለት ሾት ሲከታተሉ ደግሞ የካሜራው ቦታ ከ30 ዲግሪ በላይ ይቀየር፤ ካነሰ ምስሉ የዘለለ ይመስላል። ጀበናው በሰፊው ሾት በቀኝ እጅ ከተያዘ በቅርቡም በቀኝ ይያዝ። ሲኒ ውስጥ ያለው ቡና በአንዱ ሾት ሙሉ ሆኖ በሚቀጥለው ግማሽ ከሆነ ተመልካች ስህተቱን ስም ባያወጣለትም ይነቃል።

ታይምላይኑ (ክሊፖች በተራ የሚሰለፉበት መስመር) ላይ ዋናው ትምህርት በድርጊት መሀል መቁረጥ ነው። በሰፊው ሾት ጀበናውን ማንሳት ስትጀምር ይቁረጡ፣ በቅርቡ ሾት ማንሳቱ እየቀጠለ ይግቡ። ዓይን እንቅስቃሴውን ስለሚከተል ቁርጡን አያየውም። ከዚያ ድምጽ ማስቀደምን ይሞክሩ፦ የዘነዘናው ምት ገና ቡናው ምጣድ ላይ እያለ ይሰማ፣ ሙቀጫው ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይታይ። ሪዞልቭ ላይ ኦልት ተጭኖ የድምጹን ጠርዝ ብቻ በመሳብ ይሠራል። ተመልካች ወደሚቀጥለው ሾት በጆሮው ቀድሞ ስለሚገባ ቁርጡ ይለሰልሳል። ለዚህ ሲባል ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምጽ 1 ደቂቃ መቅረጽ ያስፈልጋል፤ ንግግር በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ከሥር ይነጠፋል። ይህ ሲጠፋ በየቁርጡ ጆሮ ላይ ጉድጓድ ይሰማል።

በድምጽ ገጹ ላይ ንግግር ከፍ ሲል -12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው፣ 0ን ከነካ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምጽ ደግሞ መልሶ አይጠገንም። ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። ክራርና ማሲንቆ ከሰው ድምጽ ጋር አንድ የድምጽ ክልል ስለሚጋሩ ንግግርን ሊሸፍኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ በኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምጽን ለየብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ከሙዚቃው መቀነስ ይረዳል። አጠቃላይ ከፍታው ለዩቲዩብ -14 ላፍስ (ጆሮ የሚሰማው የድምጽ ከፍታ መለኪያ) አካባቢ ይሁን፤ የአውሮፓ የቴሌቪዥን መለኪያ -23 ላፍስ ነው።

የቀለም ገጹ የዚህ ፕሮግራም ጌጥ ነው። አሠራሩ ኖድ በሚባሉ ሳጥኖች ነው። አንድ ኖድ ላይ ሁሉንም ከማከማቸት ሦስት ይክፈቱ፦ አንዱ ለብርሃን፣ አንዱ ለነጭ ሚዛን፣ አንዱ ለፊት ብቻ። ኦልት ተጭኖ ኤስ ሲነካ አዲስ ኖድ ይመጣል። ዓይንን ብቻ አይመኑ፤ ርካሽ ስክሪን ይዋሻል። ዌቭፎርም የተባለው መለኪያ የብርሃኑን መጠን ከ0 (ጥቁር) እስከ 1023 (ነጭ) ያሳያል። እኛ ዘንድ የሚደጋገመው ችግር ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ነው፦ ካሜራው ፊቱን ለማብራት ሲሞክር ነጩ ልብስ ይቃጠላል፣ ጥለቱ ይጠፋል። 8 ቢት የስልክ ቪዲዮ ላይ የተቃጠለ ነጭ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም። ሲቀረጽ ለነጩ መጠንቀቅ፣ ፊቱን በኋላ ማንሳት ነው መንገዱ። ነጩ 940 አካባቢ ይቁም፣ የጠይም ወይም የጥቁር ሰው ፊት ከ300 እስከ 500 መካከል ቢያርፍ ተፈጥሯዊ ነው። ፊቱን ከዚያ በላይ መግፋት አመድማ ያደርገዋል፤ በሠርግ ቪዲዮዎቻችን ላይ በብዛት የሚታየውና ሊቆም የሚገባው ልማድ ይሄ ነው። በፊቱ ላይ ክብ ፓወር ዊንዶ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ የሚከልል ቅርጽ) አድርገው ጠርዙን ያለስልሱ፣ እንቅስቃሴን በሚከተለው ትራከር ያስከትሉት፣ ትንሽ ብቻ ያንሱት። ቬክተርስኮፕ በተባለው የቀለም መለኪያ ላይ ያለው የቆዳ መስመር ለጥቁርም ለቀይም ሰው ይሠራል፣ ምክንያቱም የሚለካው የቀለሙን አቅጣጫ እንጂ ብርሃኑን አይደለም።

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ፕሮግራሙ ያስቸግራል። ቴክስት ፕላስ የተባለው የጽሑፍ መሣሪያ ሲከፈት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጭነው ሪዞልቭን ዘግተው ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ፣ ማክ ላይ ከፋ ሊገኙ ይችላሉ። በቀጥታ መጻፉ ካስቸገረ ኖትፓድ ላይ ጽፎ መለጠፍ ይሠራል። ሰብታይትል በኤስአርቲ ፋይል ሲዘጋጅ ፋይሉ በሚቀመጥበት ጊዜ ዩቲኤፍ 8 የሚባለው የፊደል አመዘጋገብ መመረጥ አለበት፣ አለበለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በአንድ መስመር ከ30 ፊደል ባይበልጥ ይነበባል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው መሣሪያ በሚከፈልበት እትም ላይ ያለ ሲሆን ለአማርኛ ታስቦ አልተሠራም፤ ለዚህ ብሎ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

መብራት ሲጠፋ የሚደርሰውን ነገር ግን የፕሮግራሙ ሠሪዎች በደንብ አስበውበታል። «ላይቭ ሴቭ» እያንዳንዱን እርምጃ ወዲያው ያስቀምጣል። በተጨማሪ በፕሪፈረንስ ውስጥ የፕሮጀክት ባካፕን ከፍተው በየ10 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ ያድርጉት። ፕሮጀክቱን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለመውሰድ ተራው ኤክስፖርት የኤዲቲንጉን ሥራ ብቻ ይይዛል፣ ቪዲዮዎቹን አይወስድም፤ ሌላው ቤት ሲከፈት ቀይ ስክሪን ላይ «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል። ሁሉንም ለመውሰድ አርካይቭ የሚለውን ይምረጡ። ክሊፖቹ ፍላሽ ላይ እንዳሉ ታይምላይን ላይ መጫንም ፍላሹ ሲነቀል ያው ቀይ ስክሪን ያመጣል፤ መጀመሪያ ወደ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ ማስገባት።

ሲወጣ ኤች 264፣ 1080፣ በሰከንድ 10,000 ኪሎቢት ለኢንተርኔት በቂ ነው፤ በደቂቃ 75 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ስልክ ላይ ከሚሠሩት እንደ ካፕከት ካሉ መተግበሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ሪዞልቭ ለአጭር የቲክቶክ ቪዲዮ ይከብዳል፣ ለዚያ ካፕከት ይፈጥናል። ነገር ግን የተዘጋጀ ኢፌክት መጎተት የቁርጥን ስሜት አያስተምርም። ከየሱቁ በተሰበረ ቁልፍ የሚጫኑትን ውድ ፕሮግራሞች በተመለከተ ደግሞ ነጻና ሕጋዊ ነገር እያለ ቫይረስ የመግባቱን አደጋ መቀበል ምንም ምክንያት የለውም። ብላክማጂክ ድረ ገጹ ላይ የሥልጠና መጻሕፍትንና የመለማመጃ ቪዲዮዎችን በነጻ ያቀርባል። አማርኛ የላቸውም፣ ፋይሎቹም ከባድ ናቸው፤ ሦስት አራት ተማሪዎች አንድ ጊዜ አውርደው በዲስክ ቢካፈሉት ይበጃል።

ስቱዲዮ የተባለው እትም 295 ዶላር ነው፤ አንዴ ይከፈላል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ በሁለት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ከአገር ቤት በዶላር መክፈል ቀላል ስላልሆነ ብዙዎች ውጭ ባለ ዘመድ ያስገዙታል። በነጻው ላይ የሌሉት ዋናዎቹ ነገሮች በጨለማ በተቀረጸ ምስል ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ ማጽጃው፣ ሰውን ከጀርባው የሚለየው ማጂክ ማስክ እና ንግግርን ከጫጫታ የሚያወጣው ቮይስ አይሶሌሽን ናቸው። በሻማ ብርሃን ወይም በሌሊት የሚቀርጽ፣ ወይም ታክሲ በሚጮህበት አስፋልት ዳር ቃለ መጠይቅ የሚሠራ ባለሙያ የመጀመሪያውን ክፍያ ሲቀበል ይግዛው። ከዚያ በፊት ያንን ገንዘብ በክራቫት ላይ የሚሰካ ማይክ፣ ትራይፖድና ኤንዲ ማጣሪያ ላይ ማዋል የተሻለ ፊልም ይሰጠዋል።